በጾም ወቅት የተገኘው የጉበት ስብ ከየት መጣ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከሐዋሳ ነች። አባቷ 58 ዓመታቸው ነው። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ሳይነኩ፣ አብዛኛውን ቀንም እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ጾመዋል። ሲያፈጥሩ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ዳቦ በማርማላታ፣ አንዳንዴ ስፕሪስ፣ ማታ ደግሞ ፓስታ ወይም እንጀራ በሽሮ ነው። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ተመረመሩ። ትራይግሊሰራይድ 310፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 228፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል) 34፣ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው) 132 ወጣ። አልትራሳውንዱ ደግሞ ጉበታቸው ላይ ስብ አሳየ። እሳቸው ግን "ስብ ሳልበላ ስብ ከየት መጣ? ማሽኑ ተሳስቷል" ብለው የታዘዘላቸውን የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ አቶርቫስታቲን፣ አልጀመሩም። ከበዓሉ በኋላ እንቁላል ብቻ ትቼ እድናለሁ ይላሉ። ልጃቸው የምትጠይቀው ጥፋቱ እውነት የእንቁላል ነው ወይ፣ መድኃኒቱስ የታመመ ጉበት አይጎዳም ወይ ብላ ነው።

እህቴ፣ ማሽኑ የተሳሳተ አይመስለኝም። አባትሽም እውነታቸውን ነው። ያንን ስብ በአብዛኛው በአፋቸው አላስገቡትም። ከፊሉን ጉበታቸው ራሱ ከስኳርና ከዱቄት ሠርቶታል፣ አብዛኛው ደግሞ ከገዛ ሰውነታቸው ስብ ተነሥቶ ወደ ጉበት የሄደ ነው። እዚህ ሐዋሳ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስሠራ በፋሲካ ሰሞን እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይዞ ግራ የተጋባ ሰው ብዙ ስለማይ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ አንድ ወረቀት ላይ ስለሚወጡ ሰው እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል። ትራይግሊሰራይድ ሰውነት ለጉልበት የሚያስቀምጠው ስብ ነው። ኮሌስትሮል ግን ለጉልበት አይውልም። የሴል ሽፋን፣ ሆርሞንና ሐሞት ይሠራበታል። ጉበት ሁለቱንም ይሠራል፣ የሚሠራባቸው ኢንዛይሞች (ሥራውን የሚያካሂዱ ፕሮቲኖች) ግን የተለያዩ ናቸው፣ የሚታዘዙትም ለተለያየ ነገር ነው። በአባትሽ ወረቀት ላይ ጎልቶ የወጣው ትራይግሊሰራይዱ ነው። ከ150 በታች እንዲሆን ነበር የምንፈልገው። ኤችዲኤል ለወንድ ከ40 በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ የሳቸው 34 ነው። ትራይግሊሰራይድ ከፍ፣ ኤችዲኤል ዝቅ ብሎ፣ ጉበት ላይ ስብ ሲጨመር እኔ ቶሎ የማስበው እንቁላልን አይደለም። ኢንሱሊንን ነው።

እንዴት ቢባል፣ አንድ ሰው ዳቦ በማርማላታ በልቶ ጣፋጭ ሻይ ሲጠጣ ደሙ ውስጥ ግሉኮስ ይጨምራል፣ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል። ኢንሱሊን ጉበት ውስጥ ኤስአርኢቢፒ 1ሲ የሚባል ፕሮቲን ያስነሣል። ይህ ፕሮቲን ወደ ሴሉ ኒውክለስ ገብቶ ስብ የሚሠሩ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲመረቱ ያዝዛል። አሴቲል ኮኤ ካርቦክሲሌዝ፣ ፋቲ አሲድ ሲንቴዝ፣ ስቴሮይል ኮኤ ዲሳቹሬዝ ይባላሉ። ስማቸው ይከብዳል፣ ሥራቸው ግን ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ከተሰባበረው ስኳር ማሎኒል ኮኤ የሚባል ነገር ይሠራል። ሁለተኛው ያንን እየቀጠለ 16 ካርቦን ያለው ፓልሚቲክ አሲድ ያወጣል፣ እሱም የረጋ የስብ ዓይነት ነው። ሦስተኛው ሰንሰለቱ ላይ አንድ ድርብ ትስስር አስገብቶ ያለሰልሰዋል፣ ለምሳሌ ስቴሪክ አሲድን ኦሌይክ አሲድ ያደርገዋል። ከዚያ ሦስት ሦስቱ ተያይዘው ትራይግሊሰራይድ ይሆናሉ። ከፊሉ ተጠቅልሎ ወደ ደም ይወጣል፣ ከፊሉ እዚያው ጉበት ውስጥ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ያየሽው 310 የወጣው ነው፣ አልትራሳውንዱ ያየው የቀረው ነው።

ከዚህ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለማሎኒል ኮኤ ነው። ይህ ነገር ስብ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ብቻ አይደለም። ስብን ወደ ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም ወደ ሴሉ ማቃጠያ ክፍል፣ አስገብቶ እንዲቃጠል የሚያደርገውን ሲፒቲ 1 የሚባል ኢንዛይም ያግደዋል። ስለዚህ ጉበት ስብ እየሠራ ባለበት ሰዓት ስብ ማቃጠሉን ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ጣፋጭ የሚወስድ ሰው፣ ሻይ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከዚያ ብስኩት የሚል ሰው፣ ይህን እገዳ ቀኑን ሙሉ እንዳይነሣ ያደርገዋል። ምንም ቅቤ ሳይነካ ማለት ነው።

ስኳር ደግሞ ከዱቄት የሚብስበት ምክንያት አለው። የሻይ ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ግሉኮስ ጉበት ውስጥ ሲገባ ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይጠብቀዋል፣ ሴሉ በቂ ጉልበት ካለው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍሩክቶስ ያንን ፍተሻ አልፎ ነው የሚገባው። በዚያ ላይ ሲኤችአርኢቢፒ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ቀስቅሶ እነዚያኑ የስብ ኢንዛይሞች ያበዛል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ስፕሪስ ላይ የሚጨመረውን ስኳርና ሽሮፕማ ማን ለክቶት! አቮካዶውና ማንጎው ራሳቸው እንዲህ አያደርጉም። ማንኪያው ነው የሚያደርገው። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ከመጠን በላይ በወፈሩ ልጆች ላይ በታተመ ጥናት፣ የሚበሉት ካሎሪ ሳይቀነስ ፍሩክቶሱ ብቻ በሌላ ስታርች ተተክቶ በ9 ቀን ውስጥ የጉበታቸው ስብ በግልጽ ወርዷል። ዘጠኝ ቀን! ኢንዛይሞቹ እንዲህ ፈጥነው ነው የሚሰሙት።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፣ ምክንያቱም አባትሽን ያሳዘናቸው እሱ ነው። እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የሚቆዩባቸው ሰዓታት ለጉበት በጣም ጥሩ ሰዓታት ናቸው። ኢንሱሊን ይወርዳል፣ ተቃራኒውን የሚሠራው ግሉካጎን የሚባል ሆርሞን ይወጣል። አሴቲል ኮኤ ካርቦክሲሌዝ ይጠፋል፣ ማሎኒል ኮኤ ይቀንሳል፣ የሲፒቲ 1 እገዳ ይነሣል፣ ጉበት ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ፒፓር አልፋ የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ የማቃጠያ ኢንዛይሞችን ያበዛል። ስለዚህ ጾማቸው ጎዳቸው እንዳይባል። የጎዳቸው ያፈጠሩበት ነው። በአይጦች ላይ ደጋግሞ የታየ ነገር አለ። አይጧ ለአንድ ሁለት ቀን ትጾማለች፣ የስብ ኢንዛይሞቿ ይወርዳሉ። ከዚያ ስኳርና ስታርች የበዛበት ምግብ ሲሰጣት ኢንዛይሞቹ ወደ ድሮው ቦታቸው ተመልሰው አይቆሙም፣ ከድሮው በላይ ዘልለው ይወጣሉ። ሰው አይጥ አይደለም፣ የአንድ ቀን ጾምም እንደዚያ አያደርገንም፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ማርማላታና ነጭ ዳቦ ተከታትሎ ሲገባ ያ ሁሉ የጠዋት ሥራ በአንድ ማዕድ ይገለበጣል።

አንድ ነገር ሳላስተካክል ማለፍ ግን አልፈልግም። ጉበት ላይ ያለው ስብ ሁሉ ከስኳር የተሠራ ነው ካልኩሽ አጋነንኩ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሚኒሶታ ውስጥ የሰባ ጉበት ባላቸው ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት ከጉበቱ ስብ 59 በመቶው ከሰውነት የስብ ክምችት በደም ተጉዞ የመጣ፣ 26 በመቶው ጉበቱ ራሱ የሠራው፣ 15 በመቶው ደግሞ በቀጥታ ከምግብ የገባ ሆኖ ተገኝቷል። ጤነኛ ሰው ላይ ጉበቱ የሚሠራው ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። ከክምችት የሚመጣው የበዛው የስብ ሴሎች ኢንሱሊንን መስማት ስለሚተዉ ነው። ኢንሱሊን "ስቡን ያዙ" ሲላቸው አይዙም፣ ይለቁታል። ጉበት ግን በዚያው ሰዓት "ስብ ሥራ" የሚለውን ትእዛዝ መስማቱን ይቀጥላል። ከሁለቱም ወገን ስብ ይመጣበታል። ለዚህ ነው አባትሽን ሳገኛቸው መጀመሪያ የምለካው ወገባቸውን የሚሆነው።

እንቁላሉስ? እዚህ ጋ ወደ ሌላኛው መስመር እንገባለን። ኮሌስትሮል የሚሠራው ዋናው ኢንዛይም ኤችኤምጂ ኮኤ ሪደክቴዝ ይባላል። ይህ ኢንዛይም ኮሌስትሮልን ይሰማል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ውሃውን እንደሚዘጋው ሁሉ፣ ጉበት ሴል ውስጥ ኮሌስትሮል ሲበዛ ኤስአርኢቢፒ 2 የሚባለው ፕሮቲን ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ይያዛል፣ ሪደክቴዙም ይቀንሳል፣ ያለውም እየፈረሰ ይወገዳል። ኮሌስትሮል ሲያንስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ ሴሉ ከደም ኤልዲኤል የሚስብበትን ተቀባይም ያበዛል። ይህን ተቀባይና የኮሌስትሮልን ቁጥጥር የገለጡት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ ነው። ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ኮሌስትሮል አብዛኛውን ራሱ ይሠራል። አንድ ትልቅ እንቁላል 186 ሚሊ ግራም ያህል አለው፣ ሁሉም አስኳሉ ውስጥ ነው። ያንን ሲበሉ ጉበት የራሱን ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ላይ እንቁላል የደሙን ኮሌስትሮል የሚያነሣው በጥቂቱ ነው። ከሌላው በተለየ ከፍ የሚልባቸው ሰዎች አሉ፣ በዘር የሚወረስ የኤልዲኤል ችግር ያለባቸውም አሉ፣ ለነሱ ሌላ ምክር ነው የምሰጠው። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ "በቀን ከ300 ሚሊ ግራም አትለፉ" የሚለውን ቁጥር አውጥቶታል፣ በዝቶ ይበላ ማለቱ ባይሆንም።

ኤልዲኤልን ይበልጥ የሚያነሣው የረጋ ስብ ነው፣ የጉበት ተቀባዮቹን ስለሚቀንስ። ቅቤ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው፣ ተነጥሮ ውሃው ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ቡርሳሜን፣ በቅቤ የሚበላውን የእንሰት ምግብ፣ ማንም ከሲዳማ እጅ አይወስድም፣ እኔም አልወስድም፣ ግን ቅቤው ከጎን ሆኖ በልክ ቢጠቀስ ለአባትሽ ይበቃቸዋል። ጾም ላይ ደግሞ የፓልም ዘይቱ አለ። ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው ዘይት ማለቴ ነው። "ኮሌስትሮል የሌለው" ተብሎ ተጽፎበት ይሸጣል፣ እውነት ነው፣ የትኛውም የእህል ዘይት ኮሌስትሮል የለውም። ግን ግማሹ የረጋ ስብ ነው፣ ዋናውም ያው ጉበት ከስኳር የሚሠራው ፓልሚቲክ አሲድ ነው። ሳምቡሳውና ብስኩቱ በሱ ሲጠበስ የጾም ምግብ ሆኖ እያለ ለኤልዲኤል ከቅቤ ብዙም አይርቅም። ኑግ ዘይት በዚህ በኩል ይሻላል፣ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ሊኖሌይክና መሰሎቹ ኤስአርኢቢፒ 1ሲን ያዳክማሉ፣ ስብ የሚሠሩት ኢንዛይሞችም ይቀንሳሉ። ተልባም እንዲሁ፣ ዘይቱ ከግማሽ በላይ ኦሜጋ 3 ነው። ያለ ስኳር የተበጠበጠ ተልባ ለጾመኛ ከማውቃቸው ጥሩ መጠጦች አንዱ ነው የምለው ለዚህ ነው። ዓሣም በዚህ በኩል ደግ ነው፣ የሐይቃችን ቆሮሶ እንደ ባሕር ዓሣ ኦሜጋ 3 ባይበዛበትም፣ ዘይት ውስጥ ጠልቆ ከሚጠበስ በእሳት ቢጠበስ ወይም ቢቀቀል ይሻላል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታቸው ልተወው።

ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ አለ፣ ብዙ ሰው ያልሰማው ይህን ነው። ጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል ሲጠራቀም ኦክሲስቴሮል የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። እነሱ ኤልኤክስአር የሚባለውን ፕሮቲን ያነቃሉ፣ እሱም ያንኑ ኤስአርኢቢፒ 1ሲን ያስነሣል፣ ስቴሮይል ኮኤ ዲሳቹሬዝም ይጨምራል። ለምን ቢባል፣ ትርፍ ኮሌስትሮል ለብቻው ሴልን ይጎዳል፣ ስለዚህ ከኦሌይክ አሲድ ጋር ተጣምሮ መቀመጥ አለበት። ኮሌስትሮል የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው አይጦች ላይ ኦሌይክ አሲድ የሚሠራው ዲሳቹሬዝ ይጨምራል፣ ዴልታ 6 እና ዴልታ 5 የሚባሉት፣ ረጃጅሞቹን ጠቃሚ የስብ አሲዶች የሚያዘጋጁት ዲሳቹሬዞች ግን ይቀንሳሉ። ወደ ፋሲካ ማዕድ አምጪው። እንቁላል ያለበት ዶሮ ወጥ፣ ብዙ ቅቤ፣ ላዩ ላይ ለስላሳ፣ ጠላና ኬክ። በኮሌስትሮሉም በኢንሱሊኑም በኩል አንድ ዓይነት ትእዛዝ ይመጣል፤ ስብ ሥራ የሚል። አባትሽ እንቁላሏን ብቻ አውጥተው ለስላሳውን ካስቀሩ የተዉት ትንሹን ነው።

ቡና ልትጠይቂኝ ነው፣ አውቃለሁ። ተፈልቶ በወረቀት ያልተጣራ ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ዘይት ነገር አለ፣ ኤልዲኤልን ያነሣል። ጉበት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት የሚቀይርበትን ሲዋይፒ 7ኤ1 የሚባለውን ኢንዛይም እንደሚያዳክም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ጀበና የወረቀት ማጣሪያ የለውም። እኔ ግን ከቡናው አልጀምርም። አተላው በደንብ ይዘቅጥ፣ ስኳሩ ይውጣ፣ ብዛቱ በልክ ይሁን፣ ይበቃል። ያንኑ ኢንዛይም በተቃራኒው የሚያነሣው ደግሞ ቤታችን ሞልቷል። የገብስ፣ የባቄላና የምስር አሰር ሐሞትን አንጀት ውስጥ ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ሲዋይፒ 7ኤ1ን ያበዛል፣ ለዚያ የሚሆን ኮሌስትሮል ከደም ይስባል። በሶ ያለ ስኳር፣ የገብስ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ባቄላ ለአባትሽ መድኃኒት ናቸው ብል አላጋንንም።

ወደ አቶርቫስታቲኑ። ስታቲኖች የሚያግዱት ያንኑ ሪደክቴዝ ነው። የመጀመሪያውን ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሻጋታ። ኢንዛይሙ ሲታገድ ጉበት "ኮሌስትሮል ጎደለኝ" ብሎ ተቀባዮቹን ያበዛል፣ ኤልዲኤል ከደም ይወጣል። ስብ ያለበት ጉበት ስታቲን ለመከልከል ምክንያት አይደለም። እንደውም የሰባ ጉበት ያለባቸውን ሰዎች በብዛት የሚገድላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። ከመጀመራቸው በፊት ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት የደም ምርመራ ይታይ። ከመደበኛው ሦስት እጥፍ በላይ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስቆምም። ጡንቻቸውን ያለ ምክንያት ካመማቸው፣ ሽንታቸው ከጠቆረ ወይም ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪማቸው ይሂዱ። አቶርቫስታቲን ጠዋትም ማታም ይወሰዳል፣ የሚያስታውሱበት ሰዓት ይሁን። ግን ስታቲኑ የስኳሩን ሥራ አይሠራላቸውም። ትራይግሊሰራይዱ በዋናነት የሚወርደው ከሻይ ብርጭቆው ስኳሩ ሲወጣ ነው።

ሐኪማቸውን የምትጠይቂው ደግሞ አለ። የጾም ስኳርና ኤችቢኤዋንሲ (የወራት አማካይ የደም ስኳር) ተለክቷል? ታይሮይድስ? ሄፓታይተስ ቢና ሲ? አገራችን ላይ ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ስለሆነ ጉበት ላይ አንድ ነገር ሲታይ ሳይመረመር አይታለፍ። አረቄና ጠላ ቀመስ የሚያደርጉ ከሆነም ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። አልኮል ጉበት ውስጥ ሲቃጠል የስብ ማቃጠሉ ይገታል፣ ትራይግሊሰራይድም ይነሣል። ኤልዲኤሉን በተመለከተ፣ 228 ላይ 34ን እና የ310ን አንድ አምስተኛ ስትቀንሺ 132 ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በስሌት የተገኘ ይመስላል። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 ካለፈ ያ ስሌት አይታመንም፣ ከ500 በላይ ከወጣ ደግሞ ለቆሽት ስለሚያሰጋ ቶሎ መታየት አለበት።

አባትሽን እንዲህ በያቸው። ጾማቸውን አይተዉ። ሲያፈጥሩ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ምስር ወይም ሽሮ በእንጀራ፣ ከዚያ ሻይ ያለ ስኳር ወይም ለጊዜው በግማሽ ማንኪያ። ለስላሳና ጣፋጭ ስፕሪስ ለእንግዳ እንጂ ለሳቸው አይቀዳ። እንቁላል በሳምንት ጥቂት ቀን ይብሉ፣ በኑግ ዘይት ወይም ተቀቅሎ። ከማዕድ በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ ብለው ይራመዱ፣ ጡንቻ ግሉኮሱን ሲወስድ ለጉበት የሚቀረው ያንሳል። ክብደታቸው ከበዛ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ጉበቱን በግልጽ ያሻሽለዋል፣ ከዚያ ያነሰውም ስቡን መቀነስ ይጀምራል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ በዚያው ላቦራቶሪ፣ ለ9 እስከ 12 ሰዓታት ያህል እህል ሳይቀምሱ ቆይተው ይመርመሩ። ቀኑን ስትመርጪ ግን የበዓል ወይም የሠርግ ማግስት እንዳይሆን፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት እንደ ወትሯቸው የበሉበት ይሁን፣ ከቀኑ በፊት ባሉት ቀናትም አልኮል አይቅመሱ።